«ድምፅ» የተሸከመው ሸክም፤ በዘፈንና በኦፔራ ትምህርት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ሙያዊ ቃላት በሚሠየሙበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ በሐሳብ የሚታየው መጽሐፍ ነው። ቃሉ በገጽ ላይ ግልጽ ሆኖ ከተነበበና ከባዕዱ አቻው ጋር በትክክል ከተመሳከረ ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል። ነገር ግን ቃሉ ከመነበብ አልፎ በሰውነት የሚፈጸም ትእዛዝ የሚሆንባቸው ሙያዎች አሉ። የድምፅ ሙዚቃ ትምህርት ከነዚህ አንዱ ነው። የክራር መምህር የተማሪውን ጣት ይዞ በጅማቱ ላይ ያኖራል፤ የፒያኖ መምህር የእጅን አቀማመጥ በዐይን አይቶ ያርማል። የድምፅ መምህር ግን መሣሪያውን አያየውም፤ አይነካውምም። መሣሪያው በተማሪው ጉሮሮ ውስጥ የተሰወረ ነው። ስለዚህ መምህሩ ዘፍኖ ከማሰማት ሌላ ያለው መንገድ ቃል ነው። ቃሉ ከሳተ የሚሳተው ትርጉም ብቻ አይደለም፤ ተማሪው በተሳሳተው ቃል መሠረት ሰውነቱን ያዛል፤ ጉሮሮውም ይጎዳል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በአገራችን በድምፅ ሙዚቃ ትምህርት ውስጥ በአፍም ሆነ በጽሑፍ የሚሠራባቸውን የአማርኛ ስያሜዎች ነው። በምሳሌነት የምናስበው ተማሪ ከአርሲ ደጋ፣ ከአሰላ ወይም ከአካባቢዋ ተነሥቶ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚገባውን ነው። ይህን ተማሪ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ ማብራሪያውን የሚሰማው በአማርኛ ነው፤ መጻሕፍቱን የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ በኖታው ላይ የተጻፉትን መመሪያዎች የሚያገኘው ደግሞ በጣሊያንኛ ነው። አራት ቋንቋዎች በአንድ ጉሮሮ ላይ የሚገናኙበት ይህ ሁኔታ የስያሜን ችግር አጉልቶ ያሳያል።

በቅድሚያ «ድምፅ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ይህ ቃል በዛሬው አማርኛ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። የበር መንኳኳት ድምፅ ነው፤ የሰው ንግግር ድምፅ ነው፤ በምርጫ የሚሰጠው ድምፅ ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንት በሥነ ልሳን የሚያጠኑትም ድምፅ ነው። በግእዝ ሁኔታው እንዲህ አልነበረም። «ድምፅ» በአብዛኛው ማንኛውንም የሚሰማ ነገር ሲያመለክት የሰውን አንደበት የሚመለከተው «ቃል» ነበር። ቃል የሚለው በግእዝ የሚነገረውን ነገር ብቻ ሳይሆን የሚናገረውንም አንደበት ያጠቃልላል። አማርኛ «ቃል»ን ለንግግር ክፍል ለይቶ ሲያስቀር የአንደበቱ ፋንታ ወደ «ድምፅ» ተላለፈ። በዚህም ምክንያት ዛሬ «የድምፅ ትምህርት» ሲባል የሰሚው ሐሳብ ወደ ሥነ ልሳን፣ ወደ ቀረጻ ሥራ ወይም ወደ ዘፈን ሊሄድ ይችላል።

ለድርጊቱ የተሰጡት ግሦችም በየመንገዳቸው ተጉዘዋል። በግእዝ «ዘፈነ» ማለት መጨፈር ነበር፤ በወንጌል የሄሮድያዳ ልጅ ያደረገችው በዚህ ግሥ የተነገረው ስለዚህ ነው። አማርኛ ቃሉን ከእግር ወደ ጉሮሮ አወጣው። «ዘመረ» ከመሣሪያ ጋር ማመስገን ሲሆን በአማርኛ ለሃይማኖት ተለየ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው «ሐለየ» የሚለው ነው። ማሕሌት የተባለው ስም፣ ያሬድም የሚጠራበት «ማሕሌታይ» የተባለው ማዕርግ ከዚህ የወጡ ናቸው። ነገር ግን በአማርኛ አነጋገር ሐመሩ ሐ እና ብዙኀኑ ኀ አንድ ድምፅ ስለ ሆኑ ይህ ግሥ ማሰብ ማለት ከሆነው «ኀለየ» ጋር በጆሮ ተቀላቀለና ከሕያው ንግግር ወጣ። እንግዲህ አማርኛ ለዘፈን የሚሆን ግሥ አላጣም፤ ያጣው ዓለማዊም መንፈሳዊም ያልሆነ፣ የጉሮሮን ሥራ ብቻ የሚገልጽ ግሥ ነው። «ድምፃዊ» የተባለው የቅርብ ጊዜ ስያሜ ይህን ክፍተት ለመሙላት የተደረገ ሙከራ ነው። ባለሙያውን ዘፋኝና አዝማሪ ከሚሉት ቃላት ማኅበራዊ ሸክም አውጥቶታል፤ ይህ ጥቅሙ ነው። ጉድለቱ ግሥ አለመውለዱ ነው። ድምፃዊው የሚያደርገው ምንድን ነው ቢባል ተመልሶ «ይዘፍናል» ከማለት በስተቀር መልስ የለም።

ወደ ትምህርቱ እንግባ። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አቀናባሪውና የሙዚቃ ተመራማሪው አሸናፊ ከበደ ናቸው። ሕንፃው በቡልጋሪያ መንግሥት ርዳታ የተሠራ ሲሆን፣ የምሥራቅ አውሮፓ መምህራን አስተምረውበታል፤ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃሏል። ከዚህ ታሪክ ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው። የአውሮፓው የድምፅ ትምህርት ወደ አገራችን የገባው በመዝገበ ቃላት ሳይሆን በመምህራን አፍ ነው። በአፍ የገባ ቃል ደግሞ ማንም ሳይመረምረው በልማድ ይጸናል።

ከእንዲህ ያሉት ቃላት መካከል የመጀመሪያው «የራስ ድምፅ» ነው። ጣሊያኖች «ቮቼ ዲ ቴስታ» የሚሉትን፣ ማለትም በከፍተኛው የድምፅ ክልል ሲዘፈን ንዝረቱ በጭንቅላት አካባቢ የሚሰማበትን አወጣጥ፣ ቃል በቃል ለመተርጎም የታሰበ ነው። ነገር ግን «ራስ» በአማርኛ የአካል ክፍል ብቻ አይደለም። መምህሩ ተማሪዋን «የራስሽን ድምፅ አውጪ» ቢላት ሁለት ፍጹም ተቃራኒ ትእዛዞች በአንድ ዐረፍተ ነገር ተሰጥተዋል። አንደኛው በከፍተኛው ክልል ዝፈኚ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ሌላ ሰው አትምሰዪ፣ በተፈጥሮ ድምፅሽ ዝፈኚ ማለት ነው። ተማሪዋ ሁለተኛውን ከሰማች የምትሄደው በትክክል መምህሩ ካሰበው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በገጽ ላይ ትክክል የሆነ ትርጉም በክፍል ውስጥ ስሕተት የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው «ድጋፍ» ነው። ምንጩ ጣሊያኖች «አፖጆ» የሚሉት፣ መደገፍን የሚገልጽ ቃል ነው። ጽንሰ ሐሳቡ የሚያመለክተው ትንፋሽ በአንድ ጊዜ እንዳይወጣ የጎድን አጥንቶች ተዘርግተው እንዲቈዩ፣ ድያፍራሙም በዝግታ እንዲመለስ ማድረግን ነው፤ ይኸውም የመገደብ ሥራ ነው። በአማርኛ ጆሮ ግን ድጋፍ ከውጭ የሚመጣ ርዳታ ነው፤ ግድግዳን የሚደግፍ ምሰሶ፣ የሚገፋና የሚያነሣ ኀይል ነው። «ድምፅህን ደግፈው» የተባለ ተማሪ ሆዱን ወጥሮ ይገፋል። ግፊቱ የድምፅ እጥፋቶችን ከመጠን በላይ ያጋጫል፤ ውጤቱም ሻካራ ድምፅ፣ ቀጥሎም ሕመም ነው።

ሦስተኛው «የድምፅ አውታር» ወይም «የድምፅ ጅማት» የሚለው ነው። ይህ ስያሜ ጉሮሮን እንደ በገና ያሳያል። በማንቁርት ውስጥ ያለው ግን የተወጠረ ክር ሳይሆን ሁለት ትይዩ የሥጋ እጥፋት ነው፤ በመካከላቸው በሚያልፈው አየር ይርገበገባል። ኦርኬስትራ ቅኝቱን የሚያስተካክልበት «ላ» ሲዘፈን እነዚህ እጥፋቶች በሴኮንድ 440 ጊዜ ያህል ይከፈታሉ፤ ይዘጋሉም። ሌሎችም ቋንቋዎች ቀድሞ «አውታር» ሲሉ ቈይተው ሳይንሱ ሲገለጥ ቃላቸውን አርመዋል። የዘፈን መምህር የነበረው ማኑኤል ጋርሲያ በ1854 እ.ኤ.አ. በትንሽ መስተዋት የራሱን ማንቁርት አይቶ ለሳይንስ በር ከፍቷል። ከዚያ በፊት የተሠየሙት ቃላት በስሜት የተሠየሙ ነበሩ። እኛ ከዚያ በኋላ የምንሠይም ስለ ሆንን የቀደመውን ግምት መውረስ አይገባንም። ክር የሚወጠር ነውና «አውታር» የተባለ ተማሪ ድምፁን ከፍ ለማድረግ ጉሮሮውን ይወጥራል፤ እጥፋት የተባለ ተማሪ ግን ያለዝባል።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ወደ ቅዱስ ያሬድ ዜማ እንመለስ የሚል ነው። መልሱ ክብር ይገባዋል፤ ግን መመዘን አለበት። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጁ የሚነገርላቸው የዜማ ምልክቶች በእውነት የድምፅን እንቅስቃሴ የሚገልጹ የሙያ ቃላት ናቸው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ድፋት ድምፅን ማውረድ ነው፤ ቅናት ማንሣት ነው፤ ደረት ዝቅ ባለ ወፍራም ድምፅ ማዜም ነው። ይህን የመሰለ የቃላት ሥርዐት ያለው ሕዝብ ስለ ድምፅ ሲናገር ባዶ እጁን እንደ ቆመ ሊቈጠር አይችልም።

ሆኖም ቃላቱ በገዳም ተዘግተው አልቈዩም። የዛሬው አማርኛ «ሂደት»ን ለክንውን አካሄድ፣ «ይዘት»ን ለመጽሐፍ ፍሬ ነገር ሰጥቷቸዋል። «ቅናት» ለሰሚው ሁሉ የልብ ሕመም ነው። «ቁርጥ»ም የሚያስታውሰው ሥጋ ቤትን ነው። ለኦፔራ ተማሪ «እዚህ ላይ ቅናት አድርጊ» ቢባል የምታስበው ስለ ዜማው መነሣት ሳይሆን ስለ ገጸ ባሕርይዋ ነው። ከዚህም በላይ ምልክቶቹ የሚያመለክቱት የዜማውን ጉዞ እንጂ የሰውነትን አሠራር አይደለም። ስለዚህ ከስምንቱ ያለ ጥርጥር ለድምፅ ትምህርት ሊያገለግል የሚችለው «ደረት» ነው፤ ምክንያቱም የአካል ስም ስለ ሆነ በዕለታዊ ንግግርም ትርጉሙ አልተለወጠም። ጣሊያኖች «ቮቼ ዲ ፔቶ» ሲሉ፣ የእኛ ሊቃውንት «ደረት» ሲሉ፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ወደ አንድ የአካል ክፍል ጠቁመዋል።

ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። የአርሲ ደጋ ሕዝብ በብዛት ሙስሊም ነው። ከአሰላ የመጣው ተማሪ ድምፁን ያሠለጠነው በድጓ ቤት ላይሆን ይችላል። ምናልባት ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን ከሚጓዙት ሰዎች የባህሮ ውዳሴ፣ ከመንዙማ፣ ከእናቱ አቴቴ ወይም ከአባቱ ጌራርሳ ነው። ስያሜን ሁሉ ከአንድ ቤት ብቻ ብናወጣ ቃሉ ትክክል ቢሆንም ለዚህ ተማሪ እንደ እንግዳ ሆኖ ይቈያል። ይህን የምንለው የዜማን ቃላት ለማራከስ አይደለም፤ ከአገር ቋንቋዎች ሁሉ ቃል መፈለግ በስያሜ ሥራ የታወቀ ደንብ መሆኑን ለማስታወስ ነው። ደንቡ እስካሁን በተግባር የተተረጎመው ግን ባመዛኙ ወደ ግእዝ በመመለስ ነው።

ኦሮምኛን እንመልከት። «ሰገሌ» እንደ አማርኛው «ድምፅ» የሰውንም የነገርንም ድምፅ ያጠቃልላል፤ ችግሩ የጋራ ነው። ግን «ዌዱ»፣ «ሲርባ»፣ «ፋሩ»፣ «ጌራርሳ» የተባሉት ስሞች ማን፣ ለማን፣ በምን ሁኔታ እንደሚዘፍን ለይተው ያስቀምጣሉ። በአርሲ ሴቶች ዘንድ «አቴቴ» ክብሯ የተነካ ሴት ሲንቄ የተባለውን በትር ከያዙ ሴቶች ጋር ሆና በዘፈን ፍትሕ የምትጠይቅበት ሥርዐት ነው። ሌይላ ቃሹ በ2016 እ.ኤ.አ. ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት ይህንኑ በሰፊው መርምሯል። በዚህ ሥርዐት አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ቃሉ ክስ ነው፤ ዜማው ፍርድ ይጠይቃል። የኦፔራን ባሕርይ ለአርሲ ተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ በዘፈን የሚካሄድ ሙግት ማለት ነውና። «አውጪ» እና «ተቀባይ» የሚሉት የአማርኛ ቃላትም «ሶሎ» እና «ኮሩስ» የሚሉትን በብዙ ቦታ ለመተካት ብቁ ናቸው።

የትንፋሽም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በኦሮምኛ «ሐፉራ» ትንፋሽም መንፈስም ነው፤ በአማርኛና በግእዝም «ትንፋሽ»፣ «ነፍስ» እና «መንፈስ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በሁለቱም ቋንቋዎች ትንፋሽ የሚወደድ እንጂ የሚባክን ነገር አይደለም። ስለዚህ «ድጋፍ» በሚለው ፋንታ «ትንፋሽ ማመጠን» ብንል ተማሪው እህሉን እስከ መኸር ለማድረስ እንደሚመጥን ገበሬ ትንፋሹን እስከ ሐረጉ መጨረሻ ይመጥናል። «ትንፋሽ መያዝ» የሚለው ግን መወገድ አለበት፤ አለመተንፈስ ማለት ነውና። በዚህ አጋጣሚ ተርጓሚዎች አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንጠይቃለን። አሰላ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። በአውሮፓ ቆላማ ከተሞች የተጻፈ መመሪያ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ቍጠር ሲል ቍጥሩን እንደ ሕግ ከመተርጎም ይልቅ እንደ ምሳሌ መተርጎም ይሻላል።

የቋንቋ ሊቃውንትን በተለይ የሚመለከተው ደግሞ የቃልና የዜማ ጋብቻ ነው። የአውሮፓው ኦፔራ የተመሠረተው ድምፅ ሳይቋረጥ ከአናባቢ ወደ አናባቢ በሚፈስበት በጣሊያንኛ ላይ ነው። በአማርኛና በኦሮምኛ ያሉት ፈንጂ ድምፆች፣ ማለትም እንደ ጠ፣ ቀ እና ጨ ያሉት፣ የሚነገሩት ማንቁርት ተዘግቶ ነው፤ የአየሩ ጉዞ ለቅጽበት ይቆማል። ይህን እንደ ጉድለት ቈጥሮ ጠን ወደ ተ፣ ቀን ወደ ከ ማለዘብ ቃሉን መግደል ነው። መጥበቅና መላላትም አለ። «ዋና» ሲጠብቅ አለቃ፣ ሲላላ መዋኘት ነው፤ አቀናባሪው ለሚጠብቀው ናሁስ በኖታው ላይ ጊዜ ካልሰጠው ትርጉሙ ይጠፋል። በኦሮምኛ ደግሞ የአናባቢ ርዝመት ትርጉም ይለያል። «ለፈ» መሬት ነው፤ «ላፋ» ለስላሳ ነው። ይህንስ ፊደላችን ይለየዋል። ነገር ግን «ቦሩ» በአጭር አናባቢ ነገ፣ በረዥም አናባቢ ድፍርስ ማለት ሲሆን በግእዝ ፊደል ሁለቱም አንድ ናቸው። አቀናባሪው ነገ የሚለውን ቃል በረዥም ኖታ ላይ ቢያኖረው ዘፋኙ ተስፋን ድፍርስ ያደርገዋል። በመሆኑም የድምፅ ትምህርት ስያሜዎች «ጠብቆ»፣ «ላልቶ»፣ «ረዝሞ» የሚሉትን የሰዋስው ቃላት ከሙዚቃው ቃላት ጎን ማስቀመጥ ይኖርባቸዋል። እስካሁን በሁለት የተለያዩ ክፍሎች፣ በሁለት የተለያዩ መምህራን ሲነገሩ ኖረዋል።

ስለ «ኦፔራ» የሚቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። «ሙዚቃዊ ተውኔት» ወይም «የዜማ ድራማ» እያሉ ለመተካት መሞከር አያዋጣም። ሙዚቃዊ ተውኔት ንግግርና ዘፈን የሚፈራረቁበት ሌላ ዘርፍ ነው። ኦፔራ ግን በመሠረቱ በዘፈን የሚካሄድ፣ በልማዱም ያለ ድምፅ ማጉያ ከኦርኬስትራ በላይ መሰማትን የሚጠይቅ ጥበብ ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ዮሃን ሱንድበሪ እንዳሳዩት የሠለጠነ የኦፔራ ዘፋኝ ድምፅ በሴኮንድ 3,000 ንዝረት አካባቢ ልዩ ድምቀት ያገኛል፤ የኦርኬስትራው ኀይል በዚያ አካባቢ ስለሚደክም ዘፋኙ ይሰማል። ይህን ሁሉ የሚይዝ የአማርኛ ቃል ከመፍጠር ዓለም በሙሉ የተቀበለውን ቃል መቀበል ይቀላል። ኢትዮጵያዊቷን ልዕልት ባለታሪክ ያደረገው የቨርዲ «አይዳ» በካይሮ ከታየበት ከ1871 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገራችን ስም በዚህ ጥበብ ውስጥ ሲጠራ ኖሯል፤ ጥበቡንም በስሙ ብንጠራው ነውር የለበትም።

ከዚህ የምንደርስበት መለኪያ የሚከተለው ነው። የጥበብ ዓይነት ስም ከሆነ፣ ማለትም ኦፔራ፣ አሪያ፣ ሶፕራኖ፣ ቴኖር እንደሚሉት ከሆነ፣ የውሰት ቃሉ ይጽና። ተማሪው በሰውነቱ የሚፈጽመው ድርጊት ከሆነ ግን ሳያስብ የሚገባው የአገር ቃል ይሰጠው። በዚህ መለኪያ የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

1. «የድምፅ አውታር» ቀርቶ «የድምፅ እጥፋት»።
2. «የደረት ድምፅ» ባለበት ይጽና።
3. «የራስ ድምፅ» ቀርቶ «የአናት ድምፅ»፤ አናት አካልን እንጂ ባለቤትነትን አያመለክትምና።
4. «ድጋፍ» ቀርቶ «ትንፋሽ ማመጠን»።
5. ድምፅ ከደረት ወደ አናት ለሚያልፍበት ክፍል «መሻገሪያ»፤ ወንዝ የሚሻገር ሰው በዚያ ቦታ እንደሚጠነቀቅ ዘፋኙም ይጠነቀቃልና።
6. «ፋልሴቶ» በውሰት ይቈይ። «ሐሰተኛ ድምፅ» የሚለው ቃል በቃል ትርጉም ተማሪውን ከማሳፈር በስተቀር የሚያስተምረው የለም።
7. በንግግርና በዘፈን መካከል ላለው የኦፔራ ክፍል «ዜማዊ ንባብ»። የንባብ ቤት ተማሪዎች ግእዝ፣ ውርድና ቁም እያሉ የሚለዩአቸው ደረጃዎች ቋንቋችን በንባብና በዜማ መካከል ያለውን ስፍራ አስቀድሞ እንደሚያውቅ ያሳያሉ።

እነዚህ ስያሜዎች በወረቀት ላይ ተመዝነው የሚጸድቁ አይደሉም። ፈተናቸው በክፍል ውስጥ ነው። ቃሉን የሰማ ተማሪ ያለ ማብራሪያ ትክክለኛውን ነገር በጉሮሮው ካደረገ ቃሉ ተሳክቷል፤ ካላደረገ፣ የቱንም ያህል ሥረ ቃሉ ጥንታዊ ቢሆን፣ ይጣል። ስለዚህ ሥራው የድምፅ መምህራን፣ የዜማ ሊቃውንት፣ የመንዙማና የባህሮ ዐዋቂዎች፣ የኦሮምኛ ሥነ ልሳን ተመራማሪዎችና የጉሮሮ ሐኪሞች በአንድነት የሚቀመጡበት ጉባኤ ያስፈልገዋል። ለዚህም አዲስ አበባ ብቻ ሳትሆን አሰላም ተገቢ ስፍራ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ አቴቴን የሚያወጡ ሴቶችም በአቅራቢያዋ አሉ።

ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ በ1989 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መዝገበ ቃላት ታትሟል። ለኪነ ጥበባት ይህን የሚያህል ጥረት ያልተደረገው የጥበብ ሰው ቃል ቢያጣ የሚጎዳ የለም ከሚል ግምት ይመስለናል። ከዚህ በላይ ለማሳየት እንደ ሞከርነው ግምቱ ትክክል አይደለም። በድምፅ ትምህርት ቃል ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው መዝገበ ቃላቱ አይደለም፤ ከአርሲ ደጋ ጤነኛ ድምፅ ይዞ መጥቶ ሻካራ ድምፅ ይዞ የሚመለሰው ወጣት ነው።